ሪፈሩ ይወጣል፣ መልሱ አይወርድም

ደቡብ ወሎ፣ ኩታበር ገጠር ውስጥ የ6 ዓመት ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክርኑ ላይ ቢሰበር፣ መጀመሪያ እጁን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ሐኪም ሳይሆን ወጌሻ ነው። ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚያነሱት ብዙ ናቸው። እኔ ግን የሕፃናትን አደጋ መከላከል፣ ማከምና መልሶ ማቋቋም እንዴት ይቀናጃሉ የሚለውን ጥያቄ ከወጌሻው ደጃፍ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ነገሩ የሚበላሸውም የሚቃናውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ስለሆነ።

ወጌሻ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቅርብ ነው፣ በሌሊት ቢጠሩትም ይመጣል፣ ክፍያው ቢዘገይ አይጣላም። ደግሞም ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። የልጅ አጥንት ለጋ ነው፤ ዙሪያውን የለበሰው ሽፋን ወፍራም ስለሆነ ሲሰበር ብዙ ጊዜ እንደ አዋቂ አጥንት ለሁለት ተለያይቶ አይሄድም። ቶሎ ይገጥማል። ትንሽ ጠመም ብሎ ቢገጥም እንኳ ልጁ ሲያድግ አጥንቱም አብሮ እየተስተካከለ ይሄዳል። ስለዚህ መንደሩ የሚያየው በወጌሻ ታስረው ከሳምንታት በኋላ ኳስ የሚያባርሩ ልጆችን ነው። ሰው "ወጌሻው ያድናል" ሲል ያየውን ነው የሚናገረው።

ክርን ግን ሌላ ጣጣ አለው። ከክርን ከፍ ብሎ ያለው የክንድ አጥንት ጫፍ ስብራት፣ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ሲወድቁ የሚመጣ ነው፤ በተለይ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉት ላይ ይበዛል። ወደ መዳፍ የሚወርደው ዋና የደም ሥር የሚያልፈው ልክ በዚያ አጥንት ፊት ለፊት ነው። የተሰበረው ጫፍ ሊጫነው ይችላል። እብጠቱም በዚያው ቀን አያቆምም፤ እየጨመረ ያድራል። ማታ ልክ የነበረ እስር ጠዋት ጠባብ ይሆናል። በስንጥቅ ቀርከሃ ዙሪያውን ተከብቦ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ክንድ ሲያብጥ መሄጃ ስለሌለው እብጠቱ ወደ ውስጥ ይጫናል፤ ደም መግባቱን ያቆማል። ጡንቻ ደም ከተቋረጠበት በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ መሞት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ መጥፎና የባሰ ነው፦ ጣቶቹ ተጨብጠው የሚቀሩበት ደረቅ እጅ፣ ወይም ጠቁሮ የሚቆረጥ እጅ።

ምልክቶቹ ደግሞ ለማየት ማሽን የማይጠይቁ ናቸው። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየቀለለ በመሄድ ፈንታ ይብሳል። ጣቶቹን ቀጥ ሲያደርጉለት ልጁ ይጮኻል። ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ። ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ ቶሎ አይመለስም። ክፋቱ፣ ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ "እየገጠመለት ነው" የሚባል ማጽናኛ አለ። ያ ሌሊት ነው እጁ የሚሄደው።

እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዙ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ በአንድ የኢትዮጵያ አካባቢ ለወጌሾች የ1 ቀን ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በጠባብ እስር ሳቢያ ወደ ሆስፒታል መጥተው የሚቆረጡ እጅና እግሮች መቀነሳቸውን አሳይቷል። የ1 ቀን ትምህርት! አዲስ ሕንፃ አልተሠራም፣ መሣሪያ አልተገዛም። የተነገራቸው በመሠረቱ ከላይ የዘረዘርኩት ነው፦ አላልቶ ማሰር፣ ጣቶቹን መመልከት፣ ቆዳው የተቀደደን ስብራት አለመንካት፣ ምልክቱ ሲታይ ፈትቶ መላክ። እዚህ ላይ መከላከል፣ ሕክምናና ተሃድሶ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አይደሉም። ጨርቁን በጊዜ የፈታ ሰው ቀዶ ሕክምናን አስቀርቷል፤ ሰው ሠራሽ እጅንም አስቀርቷል።

ዊልያም ሃዶን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተጀመረው የአገሩ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ፣ ለዚህ ቅንጅት የሚረዳ ቀላል ሠንጠረዥ ትቶልናል። ማንኛውንም አደጋ በሦስት ጊዜ ይከፍለዋል፦ ከመድረሱ በፊት፣ ሲደርስ፣ ከደረሰ በኋላ። በእያንዳንዱ ጊዜ ደግሞ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ሰውየው ምን ሆነ፣ ጉዳቱን ያደረሰው ነገር ምን ነበር፣ አካባቢውስ? ከሃዶን በፊት ወሬው ሁሉ "የማን ጥፋት ነው" የሚል ነበር፤ የእናት ቸልተኝነት፣ የሹፌር ጥጋብ፣ የልጅ ረባሽነት። እኛ ዘንድ ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቅንም። ሠንጠረዡ ግን ጥፋተኛ ከመፈለግ ይልቅ የትኛው ክፍል ላይ እጅ ማስገባት እንደሚቻል ያሳያል።

ጉዳዩ ትንሽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት የጋራ ሪፖርት መሠረት ሳይታሰብ በሚደርስ አደጋ በዓመት 830,000 ገደማ ልጆች ይሞቱ ነበር፤ በቀን ከ2,000 በላይ መሆኑ ነው። ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የነበሩ ናቸው። በገዳይነት የቀደሙት የትራፊክ አደጋ፣ ውሃ፣ ቃጠሎ፣ መውደቅና መመረዝ ናቸው። አምስቱም ኩታበር ውስጥ አሉ። ውሃው ኩሬና ጉድጓድ ነው፤ መመረዙ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የተቀመጠ ላምባ፣ በረኪና ወይም ፀረ ተባይ ነው፤ መውደቁ ዛፍና ገደል ነው። አምስቱን ሁሉ ማየት አይቻለንም። ቃጠሎውን ግን በዝርዝር ልከተለው፣ ምክንያቱም የሃዶን ሦስት ጊዜዎች በአንድ የወሎ ቤት ውስጥ ጥርት ብለው የሚታዩት በእሱ ነው።

ከአደጋው በፊት ያለው ጊዜ ወለል ላይ ነው። ጉልቻው መሬት ላይ ነው፣ የከሰል ማንደጃው መሬት ላይ ነው፣ የፈላ ጀበና መሬት ላይ ነው፤ የሚድኸው ልጅም እዚያው ነው። ወሎ ውስጥ ቡና በቀን አንዴ ተፈልቶ አያልቅም፤ ስለዚህ ይህ መገናኘት በየቀኑ ደጋግሞ ይሆናል። በብርድ ወቅት ልጆች እሳት ዳር ይተኛሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካለ ደግሞ እሳት ላይ የመውደቅ አደጋው ብዙ እጥፍ ነው፤ ለእሱ ከሁሉ የሚበልጠው የቃጠሎ መከላከያ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። በዚህ ወቅት የሚሠራው ነገር የታወቀ ነው፦ ማንደጃውን ከፍ ማድረግ፣ ከልጆች መተኛ መለየት፣ እሳቱን መክበብ። እሳቱን የሚከብብ ነገር ደግሞ አገራችን ውስጥ የተፈለሰፈ አለ፤ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ። የተሠራው ማገዶ ለመቆጠብ ነው፤ የሚያስፋፉትም የኢነርጂና የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ናቸው። ስንት እንጨት እንዳዳነ ይቆጠራል። ስንት ልጅ ከእሳት እንዳዳነ ግን የሚቆጥር የለም፤ የቃጠሎ ሕሙማንን የሚያየው ሌላ መሥሪያ ቤት ነውና።

አደጋው ሲደርስ ያለው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። የሚያስፈልገው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ለ20 ደቂቃ እየፈሰሰ። ቅቤ፣ እንቁላል፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና አይደለም። ውሃ ከሩቅ በጀሪካን በሚቀዳበት ቀበሌ 20 ደቂቃ ማፍሰስ ቀላል ምክር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ውሃውን በሳህን እየተቀበሉ መልሶ ማፍሰስ ይቻላል፤ ቅቤ ከመፈለግ አይከብድም።

ቀጥሎ ያለው ጊዜ ላይ ነው ርቀት የሚገባው። የተቃጠለ ሰውነት ፈሳሹን በፍጥነት ያጣል፤ ልጅ ላይ ከ10 በመቶ በላይ የሰውነት ክፍል ከተቃጠለ ሰው በልማድ "ጉሉኮስ" የሚለው የደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልጋል። ለመገመት የልጁ የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ 1 በመቶ ያህል ነው። በብዙ መማሪያ መጻሕፍት ያለውን ስሌት ብንወስድ፣ 15 ኪሎ የሚመዝንና 20 በመቶው የተቃጠለ ልጅ 4 ሚሊ ሊትር በ15 በ20 ተባዝቶ 1,200 ሚሊ ሊትር በ24 ሰዓት ውስጥ ያገኛል፤ የየዕለት ፈሳሹ ሳይቆጠር። ግማሹ፣ ማለትም 600ው፣ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት መግባት አለበት። ስምንቱ ሰዓት የሚጀምረው ልጁ ከተቃጠለበት ደቂቃ ነው እንጂ ሆስፒታል ከደረሰበት አይደለም። ከኩታበር ከተማ እስከ ደሴ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከሩቁ ቀበሌ ግን መጀመሪያ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቃሬዛ ተሠርቶ፣ መኪና ካለበት እስኪደርስ ድረስ 5 ሰዓት ቢሄድ ለደሴው ሐኪም የቀሩት 3 ሰዓታት ናቸው። እሱ ይህን የሚያውቀው ደግሞ ወረቀቱ ላይ የተቃጠለበት ሰዓት ከተጻፈ ነው። "የ4 ዓመት ልጅ፣ ቃጠሎ፣ ለተሻለ ሕክምና" የሚል ሪፈር ልጁን ይልካል፤ ሰዓቱን አይልክም።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ ያለው ረጅሙ ክፍል ነው፤ ቤተሰቡ "ዳነ" ብሎ የሚያስበውም እዚህ ላይ ነው። ጠባሳ ከቁስሉ በኋላ ለ1 ዓመት፣ አንዳንዴም ለ2 ዓመት እየተኮማተረ ይሄዳል። ልጁ ደግሞ የሚመቸውን አተኛኝ ይመርጣል፤ አንገቱ የተቃጠለ ትራስ ይፈልጋል፣ መዳፉ የተቃጠለ ይጨብጣል። የሚመቸው ሁሉ የሚያሽመደምደው ነው። አገጭ ከደረት፣ ጣት ከመዳፍ፣ ብብት ከጎን ተጣብቆ ይቀራል። መከላከያው በየቀኑ ማሳሳብና ማታ ማታ ዘርግቶ የሚይዝ ድጋፍ ነው፤ አንዲት እናት በግማሽ ሰዓት ልትማረው ትችላለች። ካልተማረችው ከዓመት በኋላ ልጁ ጠባሳ የሚያስፈታ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ፣ የካቲት 12 ሆስፒታል ወይም አለርት ይታሰባል፣ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር። ግማሽ ሰዓት ያልተሰጠው ነገር በዚህ ዋጋ ይመለሳል።

አሁን ይህ ሁሉ በማን እጅ እንዳለ እንመልከት። ምድጃው የኢነርጂ ሰዎች ጉዳይ ነው። የውሃ ጉድጓዱ አጥር የግብርና ወይም የውሃ ጽሕፈት ቤት ነው፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል በዘመቻ የተቆፈሩት በፕላስቲክ የተነጠፉ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ሲታቀዱ ሰብሉ ታሰበ እንጂ የሚንሸራተት ልጅ እንዴት እንደሚወጣ ብዙም አልታሰበም። መንገዱ የትራፊክ ፖሊስና የመንገድ መሥሪያ ቤት ነው። ሕክምናው የጤና ቢሮ ነው። ሰው ሠራሽ እግርና ድጋፉ በአገራችን በቆየው አሠራር የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. በፌዴራል ደረጃ በተደረገው ለውጥ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሄደ። ወደ ክፍል መመለሱ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። ልጁ አንድ ነው፤ ደጆቹ ስድስት ናቸው።

ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው "ኮሚቴ ይቋቋም" ይላል። የኮሚቴ እጥረት የለብንም። ወረዳ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ሰው ሰኞ ጠዋት ከጽሕፈት ቤቱ የሚያስወጡት ስብሰባዎች ስንት እንደሆኑ ያውቃል። የጎደለው በሁለት ደጆች መካከል የሚሄድ ነገር ነው፤ በተለይም ከላይ ወደ ታች የሚመጣ። የጤና ሚኒስቴር የሪፈር መመሪያ፣ ሕመምተኛ የተቀበለ ተቋም ለላከው መልስ እንዲሰጥ ያዛል። በተግባር ሪፈሩ ይወጣል፤ መልሱ አይወርድም። የኩታበር ጤና ጣቢያ የላከው ልጅ እጁ ተቆርጦ ይሁን ድኖ፣ ፊዚዮቴራፒ ታዞለት ይሁን አይሁን፣ የሚሰማው እናቱን ገበያ ላይ ካገኛት ነው። ደሴ ያለው ክፍል ደግሞ በአንድ ወር ከአንድ ጎጥ ሦስት የተቃጠሉ ልጆች ቢመጡለት፣ ይህን የሚነግረው ሰው ቀበሌው ውስጥ የለውም። መከላከል ያለዚህ ወሬ ዕውር ነው፤ የት ምን እንደሚጎዳ የሚታወቀው ሆስፒታል ላይ ነው፣ የሚከላከለው ግን መንደር ነው።

ይህ በእኛ አቅም የማይቻል እንዳይመስል አንድ ነገር ላስታውስ። አገራችን ውስጥ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ቢዝል፣ ነገሩ ተራ ሕመም ተደርጎ አይታለፍም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታሳውቃለች፤ መዛሉ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰዳል፤ ናሙናው ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ወደ ላብራቶሪ ይላካል፤ ናሙናው በቂ ካልነበረ ከ60 ቀን በኋላ ልጁ ቤት ድረስ ተሂዶ ድክመቱ ቀርቶ እንደሆነ ይታያል። የፖሊዮ ቅኝት ነው። አፍሪካ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ከተፈጥሮ ፖሊዮ ቫይረስ ነፃ ተብላ የታወጀችው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። እንግዲህ ያው የጤና ሥርዓት፣ ያው ቀበሌ፣ ያችው ሠራተኛ እግሩ የዛለን ልጅ በ60ኛው ቀን ልታየው ትችላለች። እግሩ የተሰበረን ልጅ ግን በ60ኛው ቀን የሚያየው የለም። ልዩነቱ የአቅም አይመስለኝም፤ አንዱን የሚጠይቅ ሰው አለ፣ ሌላውን የሚጠይቅ የለም።

ተሃድሶው ላይ ስንደርስ ደቡብ ወሎ ከብዙ አካባቢዎች የተሻለ ነገር አላት። ደሴ ከተማ ውስጥ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው ቆይቷል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚያሠለጥነው ጎንደር ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ክልል ነው። ለሕፃናት የአጥንት ቀዶ ሕክምና የቆመው ኪዩር ሆስፒታል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል። ስለዚህ "የለም" የሚለው መልስ አይሠራም። የሚቸግረው ልጅ አዋቂ አለመሆኑ ነው።

እግሩ የተቆረጠ የ40 ዓመት ሰው ሰው ሠራሽ እግር ከተሠራለት ለዓመታት ይሄድበታል። ልጅ ያድጋል። በሕፃንነቱ በየዓመቱ፣ ትንሽ ከፍ ሲል በየሁለት ዓመቱ፣ ወጣት እስኪሆን ድረስ ደጋግሞ መቀየር አለበት። ጉድ የሚያሰኝ ሌላ ነገርም አለ፦ ልጅ ላይ አጥንት መሐል ለመሐል ከተቆረጠ ጫፉ ማደጉን አያቆምም። ከሥጋው በፍጥነት እየረዘመ ቆዳውን ሊወጋና ሊበሳ ይችላል፤ ያኔ እንደገና ይቆረጣል። ስለዚህ የሚያውቅ ቀዶ ሐኪም፣ ሁኔታው ከፈቀደለት፣ ልጅን መገጣጠሚያ ላይ መቁረጥ ይመርጣል። ይህን የሚወስነው በአደጋው ሌሊት ያለ ሐኪም ነው፤ ውጤቱን የሚሸከመው ግን ከዓመታት በኋላ ያለ የተሃድሶ ባለሙያ ነው። ሁለቱ ተነጋግረው ቢያውቁ ኖሮ ውሳኔው ይለወጥ ነበር። የመጀመሪያው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ልዩ ሐኪም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሠለጠኑት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ሌሊት የሚያድሩት፤ ለእነሱ የአንድ ስልክ ቁጥር ዋጋ ከአንድ አውደ ጥናት ይበልጣል።

ኩታበር ደጋ ነው፤ መንገዱ አቀበትና ቁልቁለት፣ በክረምት ጭቃ። ክራንች ለኮሪደር የተሠራ ዕቃ ነው። ልጁ ማዕከሉ ውስጥ በለስላሳ ወለል ላይ ሄዶ "ተለማምዷል" ተብሎ ከተሸኘ በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚጠብቀው ድንጋያማ ዳገትና የመጸዳጃ ቤቱ ደረጃ ነው። ርእሰ መምህሩ ልጁ ሊመለስ መሆኑን ከአንድ ሳምንት በፊት ቢያውቅ ክፍሉን ወደ ምድር ቤት ማውረድ፣ መጸዳጃው ላይ መያዣ እንጨት ማስመታት ይችላል። ገንዘብ አይጠይቅም። ማወቅን ይጠይቃል።

በሰሜኑ ጦርነት በኩል ያለው ነገር አጭር ቢሆንም መዝለል አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ውጊያው በኩታበርና በቦሩ ሜዳ በኩል ወደ ደሴ ዘለቀ፤ ለሚሊዮኖች የሚያገለግለው የደሴ ሆስፒታልም ተዘረፈ። ሜዳ ላይ የቀረው ያልፈነዳ ተተኳሽ ከብት ለሚጠብቅ ልጅ ብረት ነው፤ ይወረውረዋል፣ ይቀጠቅጠዋል። የሚገርመው፣ መከላከልን፣ ሕክምናንና ተሃድሶን በአንድ ማሰሪያ ያሰረ አሠራር ያለው በዚህ ዘርፍ ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ያጸደቀችው የፀረ ሰው ፈንጂ ስምምነትና በዙሪያው ያደገው ሥራ፣ ማጽዳትን፣ ልጆችን ማስተማርንና ተጎጂን መርዳትን እንደ አንድ ሥራ ይመለከታል። አንድ ልጅ ሲጎዳ የት፣ በምን፣ ምን ሲያደርግ እንደነበር ይመዘገባል፤ ያ መረጃ ሜዳውን ለሚያጸዳው ይሄዳል። ለፈንጂ የተሠራው ለፈላ ውሃ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም፤ የፈላ ውሃ ዜና አለመሆኑ ካልሆነ በቀር።

ስለ መንገድ ደግሞ፦ ተራራ አገር ውስጥ ብቸኛው ሜዳ አስፋልት ነው። ልጆች የሚጫወቱት እዚያ የሆነው ባለጌ ስለሆኑ አይደለም፤ ኳስ ተንከባልሎ የማይጠፋበት ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ወደ ደሴ በሚወጣው መንገድ ተሳቢው፣ ባጃጁና ልጁ አንድ መስመር ይጋራሉ። በሰዓት 60 የሚነዳ መኪና በ30 ከሚነዳው አራት እጥፍ የሚመታ ጉልበት ይዟል፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያለ አንድ የፍጥነት ማብረጃ ብዙ ትምህርት ያክላል። በ2005 ዓ.ም. የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ሲወጣ ለተጎጂ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ብዙ ወላጅ እንዲህ ያለ መብት መኖሩን አያውቅም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔን ቢጠይቁኝ የምጀምረው ከሆስፒታል መውጫ ወረቀት ነው። አንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ በሁለት ቅጂ። ልጁ በምን ተጎዳ፣ የት፣ ስንት ሰዓት፤ ምን ተደረገለት፤ ቤት ውስጥ በየቀኑ ምን ይደረግለት፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼና የት። አንዱ ለእናት፣ ሌላው ለጤና ኬላ። ጤና ኬላው አዲስ መዝገብ አያስፈልገውም፤ የእያንዳንዱ ቤት የቤተሰብ ማኅደር አለ፣ ወረቀቱ እዚያ ይገባል። የመጀመሪያ ዕርዳታ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ከነበሩት ፓኬጆች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ሥራው እንግዳ አይደለም።

መቃወሚያው ይታወቀኛል፦ ሁለት ሴቶች ለ5,000 ያህል ሰው ክትባት፣ ወሊድ፣ ወባ፣ ሽንት ቤት፣ ሪፖርት ይዘው ሌላ ሥራ ይጨመርባቸው? ትክክል ነው። መልሴ የሚጎበኙት ልጅ ቁጥር ትንሽ ነው የሚል ነው፤ የተጎዱ ሁሉ ሳይሆን ሆስፒታል ተኝተው የወጡት ብቻ። ቢሆንም ይህ ብቻውን በቂ መልስ እንዳልሆነ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ሲጨመር ሌላ መቀነስ አለበት፤ የትኛው ሪፖርት እንደሚቀር የሚወስነው ግን ወረዳው ነው፣ ከሠራተኞቹ ጋር ተነጋግሮ። ወጌሻውም መዝገብ ውስጥ ይግባ፦ ስሙ፣ ስልኩ፣ የጤና ጣቢያው ስልክም በእሱ ኪስ።

የመጨረሻው ችግር ገንዘብ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚወራው ዓይነት አይደለም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ እዚሁ ደቡብ ወሎ ያለችው ተሁለደሬ ነበረች፤ ሰው መድኑን ያውቀዋል። መድኑ ግን የሕክምናውን ሒሳብ ነው የሚይዘው። የመጀመሪያው ጉዞ ፍየል ተሽጦ ይሸፈናል። ልጆች የሚጠፉት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ነው፦ ጀሶው ሲወጣ፣ ጠባሳው ሲለካ፣ እግሩ ሲያጥር፤ የሚሸጥ ሲያልቅ። ወሎ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ድርጅት አስቀድሞ አለ፤ ቅሬ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየመንደሩ አለው፣ ያዋጣል፣ በሽተኛ በቃሬዛ ይሸከማል፣ ሬሳ ይቀብራል። ለአንድ ልጅ ቀጠሮ የሚያስፈልገው የደርሶ መልስ የመኪና ሒሳብ ለአንድ ቀብር ከሚወጣው እጅግ ያነሰ ነው፤ የቅሬው ዳኛ ቢያነሳው እምቢ የሚል ብዙ ሰው አይገኝም። ቅሬው ግን ማን፣ መቼ፣ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት፤ የልጆቹ ስምና የቀጠሮ ቀን ደግሞ ለጊዜው ያለው ደሴ፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው።